ከአንዲት ፊደል የተነሣ

በፕሮግራሞቻችን ላይ ድራማ ሲቀርብ ቶሎ የሚያስቀን ገጸ ባሕርይ የትኛው እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣው፣ አማርኛው የሚሰባበርበት ሰው ነው። በአንጻሩ አንዱ ወንድም የአሜሪካዊ ሰባኪን ቅላጼ አስመስሎ እንግሊዝኛ ሲናገር እናደንቀዋለን። በታሪክ ውስጥ ግን ቅላጼ ከሣቅ ያለፈ ዋጋ አስከፍሏል።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የገለዓድ ሰዎች ኤፍሬማውያንን ድል ካደረጉ በኋላ የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ። ሁለቱም የያዕቆብ ልጆች፣ ቋንቋቸውም አንድ ነበር። ሸሽቶ የሚመጣውን ሁሉ «ሺቦሌት» እንዲል ያዙት ነበር፤ ኤፍሬማዊው ግን «ሽ» ማለት ስለማይሆንለት «ሲቦሌት» ይላል፤ በዚያው ይገደላል። በዚያ ጊዜ 42 ሺህ ሰው ወደቀ።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። በኦክቶበር 1937 እ.ኤ.አ. የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገዥ ራፋኤል ትሩሂዮ በድንበር አካባቢ የሚኖሩ ሄይቲያውያን እንዲገደሉ አዘዘ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ወታደሮቹ የፐርስሊ ቅጠል እያሳዩ ስሙን በስፓኝኛ «ፔሬሂል» ብሎ እንዲጠራ ሰውን ይፈትኑ እንደነበር ይተረካል። ሄይቲያዊ «ረ»ን እንደ እነርሱ አድርጎ ማለት ይቸግረው ነበርና።

ወደ እኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የገሊላ ታሪክ ነው። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ጌታን አላውቀውም ብሎ ቢምልም አነጋገሩ አጋለጠው። ገሊላውያን የጉሮሮ ድምፆችን ስለሚቀላቅሉ በይሁዳ ሰዎች ዘንድ መሳቂያ ነበሩ። ታልሙድ እንደሚተርከው አንድ ገሊላዊ ሊገዛ የፈለገውን ሲጠራ፣ አህያ ይሁን ወይን፣ ሱፍ ይሁን በግ፣ ሰሚዎቹ መለየት አልቻሉም። አራቱ ቃላት በእርሱ አፍ አንድ ሆነው ነበር።

በዚህ ከመሳቃችን በፊት ራሳችንን እንይ። ግዕዝ «ሀ»ን፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን፣ እንዲሁም «አ»ንና «ዐ»ን በድምፅ ይለያቸው ነበር። በአማርኛ ፊደሉ ቀረ እንጂ የድምፁ ልዩነት ጠፍቷል። ትግርኛ ተናጋሪው ወንድማችን «ሐ»ንና «ዐ»ን ከጉሮሮው ሲያወጣ የምንስቀው፣ እኛ የጣልነውን እርሱ ስለጠበቀ ነው። በእነዚህ ፊደላት ብንፈተን ገሊላውያኑ እኛው ነን።

የሌላውን ቅላጼ አስመስሎ መናገር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ቋንቋ የሚማር ሁሉ የሚጀምረው በማስመሰል ነው። ግን አንዱ ወደ ባለ ቋንቋው ለመቅረብ ያስመስላል፣ ሌላው ሰውየውን ከመካከላችን ለማውጣት። በበዓለ ኀምሳ ሕዝቡ ሁሉ በየቋንቋው ሲሰማ የተደነቀው ተናጋሪዎቹ የገሊላ ሰዎች በመሆናቸው ነው። እግዚአብሔር የተጠቀመው በዚያ በሚሳቅበት አፍ ነበር።

እንግዲህ የሚቀጥለውን ድራማ ስንጽፍ፣ ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጠውን፣ እንዳይሳቅበት ብሎ ጸሎት እንኳ ጮኽ ብሎ የማይጸልየውን ልጅ እናስታውስ።