አልበራ ያለ ፕሌይስቴሽን 2 ሲጠገን በቅድሚያ ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

በሀገሪቱ ከተሞች በሚገኙ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ለዓመታት ያገለገለው ፕሌይስቴሽን 2 የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ በጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ተቋርጧል። ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ይህ መሣሪያ ዛሬ በአዲስነቱ ስለማይገኝ፣ አልበራ ሲል ከመጣል ይልቅ ማስጠገን ይመረጣል።

የውጭ ጎብኚዎችና በባሕር ማዶ የሚኖሩ ተወላጆች በሚመላለሱባት ላሊበላ እንዲህ ያለ ዕቃ በስጦታ ሲደርስ፣ ከሁሉ በፊት መነበብ ያለበት ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተለጠፈው የቮልት መጠን ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ወፍራሙ ሞዴል 120፣ ለጃፓን የተሠራው ደግሞ 100 ቮልት ብቻ ይቀበላል። መሣሪያው ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ከተሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ በኃይል ክፍሉ ውስጥ የሚገኘው ትልቁ ካፓሲተርም ሊፈነዳ ይችላል።

ሌላው የብልሽት መንስኤ የኃይል መቆራረጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ላስታ ከዘለቀ በኋላ በላሊበላ ኤሌክትሪክ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ መሣሪያ አቧራና ዝገት ይይዘዋል፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ በቅጽበት ከፍ የሚለው ቮልቴጅም የኃይል ክፍሉን ይጎዳል።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። ሶኬቱ በሌላ ዕቃ ይሞከራል፤ ገመዱም በሌላ ይለወጣል። ወፍራሙ ሞዴል ከኋላው ዋና ማብሪያ ስላለው፣ እርሱ ካልተከፈተ ከፊት ያለው ቀይ መብራት አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ስስ ሞዴል ግን 8.5 ቮልት በሚሰጥ የውጭ አዳፕተር ስለሚሠራ፣ በቅድሚያ አዳፕተሩ በቴስተር ይለካል።

ቀይ መብራት ከበራና መሣሪያው በአዝራሩ ካልተነሣ፣ ወደ አዝራሩ የሚሄደው ስስ ጠፍጣፋ ገመድ መላቀቁ ወይም መቆረጡ ይጣራል። አረንጓዴ መብራት በርቶ ምስል ከጠፋ ደግሞ ችግሩ በአመዛኙ ከኃይል ሳይሆን ከቴሌቪዥን ገመዱ ወይም ከሌላ ክፍል ነው።

ከዚህ አልፎ የኃይል ክፍሉን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ መሣሪያ ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት ገደማ ስለሚይዝና ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ኃይሉ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከመነካቱ በፊት ባዶ መሆኑ በቴስተር መረጋገጥ አለበት።

የተቃጠለ ፊውዝ መለወጥ ያለበት ተመሳሳይ የአምፔርና የቮልት መጠን ባለው ፊውዝ ነው። በፊውዙ ፈንታ የመዳብ ሽቦ ማሰር መሣሪያውን ለጊዜው ሊያስነሣው ቢችልም መከላከያውን ስለሚያስቀር ለእሳት አደጋ ይዳርጋል። አዲስ የተተካ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ሌላ ክፍል በመበላሸቱ፣ መንስኤው ሳይታወቅ ሌላ ፊውዝ መጨመር አይገባም።

ከጥገና በኋላ መሣሪያው ነፋስ በሚያገኝ ሥፍራ ሊቀመጥና በበጋ የሚከማቸው አቧራ በየጊዜው ሊጠረግ ይገባል። መብራት ሲጠፋም ገመዱን ነቅሎ፣ ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ከዳግም ብልሽት ይታደጋል።