እንስራም ያልበዋል፣ ቆርቆሮም ያልበዋል

ውሃን ማቀዝቀዝ አንድ ሥራ ነው፤ የቀዘቀዘውን ጠብቆ ማቆየት ሌላ። ዛሬ ከእጃችን የማይለዩት ዕቃዎች ሁለተኛውን ብቻ ይሞክራሉ፤ እሱም ለብዙዎቹ አይሆንላቸውም። ሸክላ ግን ራሱ ያቀዘቅዛል።

ግብፅ ውስጥ የተወለደው ግሪካዊ ጸሐፊ አቴናዮስ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው መጽሐፍ፣ ውሃ በሸክላ ማድጋ ተሞልቶ ሲመሽ የቤቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ እንደሚወጣ፣ ሎሌዎችም ሌሊቱን ሙሉ ማድጋውን ከውጭ ሲያርሱት እንደሚያድሩ ተርኳል። የላይኛው ግብፅ ከተማ ቄና እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የምትታወቀው ውሃ በሚያቀዘቅዙ ሸክላዎቿ ነበር። ሱዳን ውስጥ ደግሞ ዚር የሚባለው ትልቅ ማድጋ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን ሁሉ ያጠጣል።

ሸክላ ሲተኮስ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይቀሩበታል። ውሃው በእነሱ ቀስ እያለ ይወጣና ገላውን ያረጥበዋል፤ ነፋስ ሲያገኘው ይተናል። ለመትነን ሙቀት ይፈልጋልና ያንን ከሸክላውና ውስጥ ከቀረው ውሃ ይወስዳል። 1 ግራም ሲተን የሚወስደው ሙቀት 58 ግራም ያህል ውሃን በ10 ዲግሪ ያቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የማድሪድ ተመራማሪዎች ቦቲሆ የተባለውን የስፔን ገበሬዎች የሸክላ መጠጫ 39 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ከ7 ሰዓት በኋላ ውሃው ወደ 24 ዲግሪ ወርዶ አገኙት። በምድጃ ውስጥ የቀዘቀዘ ውሃ!

የእኛም እንስራ ሥራው ይኸው ነው። ያበጁት እጆች ክብር አለማግኘታቸው ግን ያሳዝነኛል። የጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤል ሴቶችን ጨምሮ ሸክላ ሠሪዎች «ቡዳ» እየተባሉ ተገልለው ኖረዋል፤ ያገለላቸው ሰው ግን ጥሙን የሚቆርጠው በእነሱ እንስራ ነበር።

ሸክላ የሚሸነፈው በወበቅ ነው። አየሩ ራሱ እርጥበት ከጠገበ ውሃው ወዴት ይተናል? ደጋና ደረቅ ቆላ ላይ የሚያስመሰግነው ማድጋ ቀይ ባሕር ዳር ሲደርስ አቅም ያንሰዋል።

ፔርሙስ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዴዋር እ.ኤ.አ. በ1892 ለንደን ውስጥ የሠራው ለሻይ ሳይሆን ወደ ፈሳሽነት ለተለወጡ እጅግ ቀዝቃዛ ጋዞች ነበር። በሁለት የብርጭቆ ግድግዳዎች መካከል ያለውን አየር መጥጦ አወጣ፤ ገጹንም ብር ቀባው። አየር ከሌለ ሙቀት በንክኪ አይሻገርም፤ በጨረር የሚመጣውን ደግሞ ብሩ ይመልሰዋል። ዴዋር ግን የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም ነበርና፣ ገበያውን የጀርመኑ ራይንሆልድ ቡርገር ወሰደው።

የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ደግሞ በበረዶ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በእጅ ሲያዝም ቶሎ ይሞቃል። ከጠርሙስ በእጅጉ የላቀ ሙቀት አስተላላፊ ነው፤ ግድግዳውም ስስ ነው። እሱም ያልበዋል፤ ነገር ግን ላቡ ከውስጥ የወጣ አይደለም። የአየሩ እርጥበት ቀዝቃዛውን ገጽ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ሲለወጥም እንስራው ላይ ሲተን የሚወስደውን ያህል ሙቀት እዚህ ይለቅቃል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ብቻ ያለው የዚህ ላብ ሽፋን መጠጡን በ5 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። በሐምሌ ወበቅ ዱባይ ወይም ጅዳ የሚሠራ ወገናችን ለስላሳው ወዲያው ለብ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቆርቆሮውን በጨርቅ መጠቅለል የሚረዳውም ላቡን ስለሚቀንስ ጭምር ነው።

ሃይላንድና ጀሪካን ሙቀት በማስተላለፍ ከብረት ሁሉ ያነሱ ናቸው። ውሃ ስለማያሳልፉ ግን ምንም አይተንባቸውም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጀሪካን ውሃው በእጅጉ ይሞቃል። እንስራ በጀሪካን ሲተካ ሴቶቻችን ከከባድ ሸክም ትንሽ አርፈዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጠፋውን ቅዝቃዜ ለመመለስ ደግሞ በቆላ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ዘዴ አላቸው፦ ጀሪካኑን ጆንያ ያለብሱታል፣ ጆንያውን ውሃ ያጠጡታል፣ ከዚያ ነፋስ እንዲያገኘው ከመኪናው ውጭ ያንጠለጥሉታል። ፕላስቲኩ ውሃውን ይይዛል፤ የሚያልበው ጆንያው ነው።