ጆይስቲኩ «2 ቁጥር ተጫነ» ሲል

ኩልፎ ግቢ ሳላችሁ ኮምፒውተር ላይ የፕሌይስቴሽን ኳስ የተጫወታችሁ ልጆች ይቺን ነገር ታውቋታላችሁ። አዲስ ርካሽ ጆይስቲክ ይገዛል፣ ይሰካል፣ ለማቀበል ኤክስን ስትጫኑ ተጫዋቹ ወደ ጎል ይለጋል። «ፎርጅድ ነው» ተብሎ ይጣላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጆይስቲኩ ምንም አልሆነም። እስቲ ታሪኩን ላውጋችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ፕሌይስቴሽን በ1994 ጃፓን ላይ ሲወጣ ጆይስቲኩ አቅጣጫዎቹን ጨምሮ 14 ቁልፍ ነበረው። የኮምፒውተሩ የጌም ሶኬት ደግሞ አይቢኤም በ1981 ካወጣው ካርድ የተወረሰ ነው፤ የሚያነበው 4 ቁልፍ ብቻ። ኢሙሌተሩ የፈለገውን ያህል ቢጎብዝ በምን ትጫወቱታላችሁ? ሰዎች የፕሌይስቴሽኑን ገመድ ቆርጠው ፕሪንተር የሚሰካበት ሶኬት ላይ በየዱት። ድራይቨሩንም ራሳቸው ጻፉለት፤ ሊኑክስ ውስጥ «ጌምኮን» የሚባለው የዚያ ዘመን ልጅ ነው። እውነቱን ለመናገር ከታሪኩ ሁሉ እኔ የምወደው ይሄንን ነው።

ከዚያ ዩኤስቢ መጣ። መሰካቱ ቀለለ፣ መግባባቱ ግን አልመጣም። ተራ የዩኤስቢ ጆይስቲክ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው «2 ቁጥር ተጫነ» ብሎ ነው፤ 2 ቁጥር ኤክስ ይሁን ክቡ አይናገርም። ፋብሪካው ሁሉ እንደፈለገ ይቆጥራል። ስለዚህ በየኢሙሌተሩ ሴቲንግ ገብቶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ማስተማር ግድ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር «ኤክስኢንፑት»ን አምጥቶ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቦታ ቆርጦ ወሰነ፤ የሱን ቋንቋ ለማይናገረው ርካሽ ጆይስቲክ ግን ምንም አልፈየደም።

ከዩኒኮድ በፊት አማርኛ ታይፕ ያደረገ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ያኔም ሶፍትዌሩ ሁሉ ለ«ሀ» የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርምስምሱ ይወጣል። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን አንድ ወጥ ቁጥር ሰጠና ተገላገልን።

ለጆይስቲክ እንዲህ ያለ ስምምነት አልተገኘም። መፍትሔው የመጣው በዝርዝር ነው። በ2013 የወጣው ኤስዲኤል 2 ለእያንዳንዱ ጆይስቲክ አንድ መስመር ይይዛል፦ መለያው ይሄ፣ ስሙ ይሄ፣ ታች ያለው ቁልፍ ቁጥሩ ይሄ እያለ። ሬትሮአርክ ደግሞ «ሬትሮፓድ» የሚባል በሐሳብ ብቻ ያለ ጆይስቲክ ፈጠረ፤ ኢሙሌተሮቹ የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው፣ እውነተኛውን ወደሱ የሚተረጉመው ዝርዝሩ ነው። መስመሮቹን በብዛት የሚሞሉት ዕቃው በእጃቸው ያለ ተራ ተጫዋቾች ናቸው፤ እየተጫኑ፣ ቁጥሩን እየጻፉ ይልካሉ። ያለ ክፍያ።

እዚህ ላይ ነው የኛ ጉዳይ የሚመጣው። ርካሾቹ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ቺፕ ስለሚጋሩ ሁለት የተለያዩ ጆይስቲኮች አንድ መለያ ይዘው ይመጣሉ፤ ለአንዱ ልክ የሆነው መስመር ሌላውን ያሳስታል። ሲቀላ ገበያ የተሸጠውን ዕቃ አሜሪካ ያለ ፕሮግራመር አይቶት አያውቅም። መስመሩን መላክ የሚችለው የገዛው ልጅ ነው።

በነገራችን ላይ ታች ያለው ቁልፍ ኤክስቦክስ ላይ «ኤ»፣ ኒንቴንዶ ላይ «ቢ»፣ ፕሌይስቴሽን ላይ ኤክስ ነው። ኤስዲኤል 3 ስሙን ትቶ በአቅጣጫ ጠራው፤ የታችኛው አሁን «ደቡብ» ይባላል። የአርባ ምንጭ ልጆች፣ ይሄን እንኳ አንረሳውም 😄