ኃያላኑን ከመንገድ ዳር ያየ መጽሐፍ

የጦርነት ታሪክ በተጻፈ ጊዜ የአዋጊው ስም አስቀድሞ ይነሣል፤ ሠራዊቱ ሲያልፍ በደጁ ቆሞ ያየውን ሰው ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በአሜሪካ አገር በሥዕል በሚነገሩት የልዕለ ኃያላን ታሪኮች ዘንድም የቈየው ልማድ ይኸው ነበር። ይህን ልማድ ገልብጦ የተነሣ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ስሙም «ማርቭልስ» ይባላል፤ ትርጓሜው «ድንቆች» ማለት ነው። ከርት ቡሲክ ደረሰው፥ አሌክስ ሮስ በቀለም ሣለው፤ በ1994 ዓ.ም. በአራት ክፍል ታትሞ ወጣ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጽሐፉን እንግዳነት ለማስተዋል ከእርሱ በፊት የነበረውን መመልከት ያስፈልጋል። ሥዕሎችን በተርታ አሰልፎ ታሪክ መንገር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአራት ማዕዘን እየከፋፈሉ በሸራ ላይ የሚሥሉትን ሠዓሊዎቻችንን የማያውቅ አንባቢ አይገኝም። አሜሪካኖች ግን ይህን የመሰለውን ጥበብ በርካሽ ወረቀት አትመው ለሕዝብ ሁሉ አደረሱት። በ1938 ዓ.ም. ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች የፈጠሩት ሱፐርማን «አክሽን ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት አንደኛ ቍጥር ላይ ታየ። የመጽሔቱ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር። ለ13 ገጽ ሥራና ለመላው መብት ለሁለቱ የተከፈላቸው 130 ዶላር ብቻ ነው፤ ኃያሉ ከዚያ በኋላ ለአሳታሚዎቹ ያስገኘውን ሀብት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቍጥር የሚያሳዝን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ታይምሊ የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ «ማርቭል ኮሚክስ» የሚባለውን መጽሔት አወጣ። በዚያም ካርል በርጎስ የሣለው፥ ሰውነቱ በእሳት የሚነድደው ሂውማን ቶርች፥ እንዲሁም ቢል ኤቨረት የሣለው የባሕሩ ልዑል ኔሞር ይገኙበታል።

የእነዚህ መጽሔቶች አሣሣል ማተሚያው በፈቀደው ልክ የተወሰነ ነበር። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፥ ሌላው መሥመሩን በጥቍር ቀለም ያጠነክራል፥ ቀለሙም በጋዜጣ ወረቀት ላይ በጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታተማል። በፊት ላይ የሚወድቀውን ጥላ ወይም የልብስን ዕጥፋት እንደሚገባ ማሳየት አስቸጋሪ ስለ ነበረ ኃያሉ ጠፍጣፋና ደማቅ ሆኖ ኖረ። በ1954 ዓ.ም. እነዚህ መጽሔቶች የልጆችን ጠባይ ያበላሻሉ የሚል ክርክር በአሜሪካ ሴኔት ፊት ተሰማ፤ አሳታሚዎቹም ራሳቸው ጥብቅ የቍጥጥር ደንብ አወጡ። የማተሚያው ጥበብና ወረቀቱ በተሻሻለ ጊዜ ግን በብሩሽ የሚሠሩ ሠዓሊዎች ገቡበት። ቢል ሲንኬቪች በ1986 ዓ.ም. «ኤሌክትራ አሳሲን»ን፥ ዴቭ መኪን በ1989 ዓ.ም. «አርካም አሳይለም»ን ሣሉ። የእነዚህ ሥራ ሕልምና ቅዠት የሚመስል ነው።

አሌክስ ሮስ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። በ1970 ዓ.ም. የተወለደው ይህ ሠዓሊ በቺካጎ በአሜሪካን አካዳሚ ኦቭ አርት ተምሮ፥ የአሜሪካን ተራ ሕዝብ ኑሮ በመሣል የታወቀውን ኖርማን ሮክዌልን እንደ አብነት ተከተለ። ወዳጆቹንና ዘመዶቹን በሚፈልገው አኳኋን እያቆመ ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል፤ ከዚያም በውሃ በሚበጠብጠው ጓሽ በተባለው ቀለም ይሥላቸዋል። ስለዚህ የእርሱ ኃያላን ልብሳቸው በክርናቸው ላይ ይጨማደዳል፤ ፊታቸውም የሰው ፊት ነው። አልፎ አልፎ ሰዎቹ ለፎቶግራፍ እንደ ቆሙ ደርቀው መታየታቸውን ግን ሳንናገር አናልፍም።

የታሪኩ ባለቤት ፊል ሼልደን የሚባል የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። በ1939 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ወጣት ሳለ ሂውማን ቶርች በጋዜጠኞች ፊት ሲነድድ ያያል። ከዚያ ወዲህ ኃያላኑ በሰማይ ሲዋጉ እርሱ ከታች ሆኖ አንገቱን ያቀናል፤ ሰውነቱም እጅግ ያነሰ መስሎ ስለ ተሰማው ከእጮኛው ጋር የነበረውን ቃል ኪዳን እስከ ማፍረስ ደረሰ፤ ኋላ ግን ታርቀው ተጋቡ። በአንዱ ውጊያ ላይ ከሕንፃ የተፈነጠቀ ስብርባሪ አንድ ዓይኑን አጠፋው። ስለ ማየት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ባለ ታሪኩ አንድ ዓይና መሆኑን ደራሲው ያለ ምክንያት አላደረገውም።

ከአራቱ ክፍሎች የሚበልጠው በእኛ አስተያየት ሁለተኛው ነው። ዘመኑ 1960ዎቹ ናቸው። የኒው ዮርክ ሕዝብ ፋንታስቲክ ፎር የተባሉትን ኃያላን ሰርግ በእልልታ ያከብራል፤ ሚውታንት የተባሉትን፥ ከልደታቸው ጀምሮ ልዩ ኃይል ያላቸውን ግን እንደ አውሬ ያሳድዳል። ሁለቱም ወገን ኃያላን ናቸው፤ ልዩነቱን የፈጠረው የሕዝቡ ፍርሃት ነው። ጨዋው ሼልደን አንድ ሌሊት ከአመፀኛው ሕዝብ ጋር ተቀላቅሎ ጡብ ይወረውራል፤ ጡቡም ከወጣቶቹ ሚውታንቶች አንዱን ይመታል። የወጣቶቹ አለቃ ለጓደኞቹ ይህ ሕዝብ ጠብ የማይገባው መሆኑን ሲነግራቸው ይሰማል፤ ቃሉም ከልቡ አልወጣለትም። ከዚያም ቤቱ ሲደርስ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ማጊ የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ በምድር ቤት ውስጥ ሸሽገው ያገኛል። ቆዳዋ ከአጥንቷ ተጣብቆ፥ ዓይኖቿ ከልክ በላይ የሰፉ ሚውታንት ናት። ጎረቤት ቢሰማ ቤቱ እንደሚቃጠል ያውቃል፤ አሳልፎ መስጠት ግን አልቻለም። ሮስ የዚህችን ልጅ ፊት ሲሥል እንደ ጭራቅ አላደረጋትም፤ የፈራች ልጅ አድርጎ ሣላት እንጂ። በድሮው ነጠብጣብ ቀለም ቢሆን ይህ ፊት የሚቻል አልነበረም። ማጊም በቤተ ሰቡ ላይ አደጋ እንዳታመጣ በመፍራት ደብዳቤ ትታ በሌሊት ጠፍታ ሄደች።

ሦስተኛው ክፍል ዓለሞችን የሚውጠው ጋላክተስ መሬትን ሊያጠፋ የመጣበት ነው። ፍርሃቱ ያለፈ እንደ ሆነ ነገሩ ማታለል ነበር የሚሉ ወሬኞች ይነሣሉ፤ ሼልደንም በምስጋና ቢስነታቸው ይቈጣል። በአራተኛው ክፍል ስፓይደርማን ካልሠራው ወንጀል ነጻ መሆኑን ለማስረዳት ሲደክም ግዌን ስቴሲ የተባለችውን ወጣት ይተዋወቃታል። የዚህች ልጅ ሞት በ1973 ዓ.ም. በስፓይደርማን መጽሔት ላይ የታተመ ነበር፤ ቡሲክም የድሮውን ታሪክ ሳይለውጥ ከድልድዩ ሥር ቆሞ በሚያየው ሰው ዓይን ደግሞ ነገረው። በዚያም ኃያሉ ሊያድናት አልቻለም።

መጽሐፉ በሙያው ታላቁን የአይስነር ሽልማት አገኘ፤ ሮስም ከማርክ ዌይድ ጋር በ1996 ዓ.ም. «ኪንግደም ከም» የተባለውን ሣለ፤ በዚያም ኃያላኑን የሚመለከተው አንድ ሽማግሌ ቄስ ነው። ሼልደን ግን ከግዌን ሞት በኋላ ሥራውን ተወ። ካሜራውን ለረዳቱ ለወጣቷ አስረክቦ፥ ጋዜጣ ከሚያድል አንድ ልጅ ጋር ፎቶግራፍ እንዲነሣ ጠየቀ፤ በእርሱ ቤት ይህ ልጅ ምንም ድንቅ የሌለበት ተራ ልጅ ነው። የልጁ ስም ዳኒ ኬች ይባላል። የእነዚህን መጽሔቶች አንባቢዎች ግን ይህን ስም ያውቁታል፤ በ1990 ዓ.ም. በወጣው መጽሔት ራሱ በእሳት የሚነድደው ጎስት ራይደር የሆነው እርሱ ነውና።