የተኛችው ልዕልት ጠባቂዎች

እንዝርት ወግቷት ያንቀላፋችው ልዕልት ተረት ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ልዑሉ ነው። ተረቱ ግን በአውሮፓ ከአንዱ ደራሲ ወደ ሌላው፣ በኋላም ከመድረክ ወደ ፊልም ሲሻገር፣ ቦታቸው እየሰፋ የመጣው ልጅቱን የሚጠብቋት ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1634 እስከ 1636 ኔፕልስ ላይ በታተመው የጃምባቲስታ ባዚሌ መድበል ውስጥ ጠባቂ የሚባል የለም። አባትየው በድን ሆና የወደቀችውን ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በሩን ቆልፎባት ይሄዳል። በ1697 ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ፌሪ የሚባሉ ሰባት ባለ አስማት ሴቶችን የክርስትና እናት አድርጎ ሰጣት። ከእነሱ አንዷ፣ ሳትጠራ የቀረችው አሮጊት ስታጉረመርም ሰምታ መጋረጃ ጀርባ ትደበቃለች። እርግማኑ ከተነገረ በኋላ ብቅ ብላ ሞቱን ወደ መቶ ዓመት እንቅልፍ ትለውጠዋለች። ሆኖም አብራት አትኖርም፤ ልጅቱ በተወጋች ጊዜ ከሩቅ አገር በእሳት ሠረገላ መጥታ፣ ቤተ መንግሥቱን አስተኝታ ትመለሳለች። የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባሳተሙት ተረትም እርግማኑን ያቀለለችው ሴት ከግብዣው በኋላ አትታይም።

እስከ መጨረሻው የምትዘልቅ ጠባቂ የምናገኘው በ1890 ሴንት ፒተርስበርግ በታየው የቻይኮቭስኪና የማሪየስ ፔቲፓ ባሌት ላይ ነው። የሊላክ ፌሪ ልዑሉን በጀልባ እየመራች ልዕልቲቱ ዘንድ ታደርሰዋለች። እሷም ብትሆን ግን ከሥልጣኗ የሚጎድልባት ነገር የለም።

ጥበቃ ዋጋ የሚያስከፍል ሥራ የሆነው በ1959 በወጣው የዋልት ዲዝኒ ፊልም ነው። ፍሎራ፣ ፋውና እና ሜሪዌዘር የተባሉ ሦስት ፌሪዎች ሕፃኗን ከረጋሚዋ ከማሌፊሰንት ለመደበቅ ክንፋቸውንና የአስማት ዘንጋቸውን ትተው፣ ጫካ ውስጥ በአንድ የእንጨት ቆራጭ ጎጆ እንደ ገበሬ አክስት ሆነው አሥራ ስድስት ዓመት ያሳድጓታል። የልደቷ ቀን ምን እንደተዉ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ፋውና ኬክ ልትጋግር ተነስታ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ሊጡ ውስጥ ትከተዋለች፤ የተደራረበው ኬክ ተንጋዶ በመጥረጊያ ይደገፋል፤ ፍሎራ የምትሰፋው ቀሚስም መልክ አይዝም። ቢቸግራቸው ዘንጉን ያወጣሉ። መስኮቱንና የበሩን ሽንቁር ሁሉ ደፍነው የጭስ ማውጫውን ይረሱታል። ፍሎራና ሜሪዌዘር ቀሚሱ ሮዝ ይሁን ሰማያዊ በሚል ሲፋለሙ፣ ከጣሪያው የሚወጣው የቀለም ብልጭታ የማሌፊሰንትን ቁራ ይጠራባቸዋል። ያን ሁሉ ዓመት የተደበቀው ልጅቱን ለማስደሰት ሲሉ ይጋለጣል።

የጀግንነቱም ክፍል ቢሆን የእነሱ ነው። ልዑል ፊሊፕን ከእስር የሚፈቱት፣ ጋሻና ሰይፍ የሚያስታጥቁት እነሱ ናቸው፤ ዘንዶ በሆነችው ማሌፊሰንት ላይ የተወረወረው ሰይፍ ልቧን የሚያገኘው ፍሎራ ስለደገመችበት ነው። ልጅቱ ግን ለንጉሡና ለንግሥቲቱ ትመለሳለች፣ ሙሽራውም የድል ባለቤት ይሆናል። ያሳደጓት ሦስቱ ከሰገነት ላይ ያያሉ፤ ፊልሙ የምስጋና ቃል እንኳ አልመደበላቸውም።

በ2014 በሮበርት ስትሮምበርግ ዳይሬክተርነት የተሠራው «ማሌፊሰንት» የተሰኘ ፊልም ይህን ሒሳብ እንደገና ያወራርደዋል። እዚህ ሦስቱ ሞግዚቶች ሕፃን መመገብ እንኳ አያውቁም። ከጥላ ሥር ሆና የምትከታተላት ራሷ ረጋሚዋ፣ በአንጀሊና ጆሊ የምትተወነው ማሌፊሰንት ናት። እየወደደቻት ስትሄድ እርግማኗን ልታነሳ ትሞክራለች፤ ማንም እንዳይሽረው አድርጋ የተናገረችው ቃል ግን ለእሷም አልታዘዝ ይላል። የልዑሉ መሳም ሳይሠራ ቀርቶ፣ በጸጸት ግንባሯን የሳመችው ማሌፊሰንት ትቀሰቅሳታለች።

ፔሮ ለጠባቂዋ ብልሃትን ሰጣት፣ ባሌቱ ጽናትን፣ የ1959ኙ ፊልም መሥዋዕትነትን። ይህ ሁሉ ተደማምሮም የማንቃቱ ክብር የልዑሉ እንደሆነ ቆይቶ ነበር። ተረቱ እውነተኛ ፍቅር የሚለውን ማዕረግ ልጅቱን ስታድግ እያየች ለኖረች ሴት ለመስጠት ከፔሮ በኋላ እንኳ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።