ጎርጎራ ሦስት ጊዜ ተሠራች

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም «ቲቸር፣ ጎርጎራ ሪዞርት ሥራ ሞክር እያሉኝ ነው፣ አገሩ ታሪክ አለው እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። ሳቅሁም አዘንሁም። ሱስንዮስን ሳስተምር መስኮቱን ነበር የሚያየው ማለት ነው! እንግዲህ ለሱም ለናንተም ልንገራችሁ።

እኛ ጎብዬዎች ክረምት ላይ ከሚወርደው ጎርፍ በቀር ሐይቅ አናውቅም። ጎርጎራ ግን ጣና ዳር ናት፣ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። አፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ከተማቸውን እዚያ አደረጉ። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ሠራላቸው። ያኔ ፎቅ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ምን ብሎ ይሆን? ከዚያ ንጉሡ ካቶሊክ ሆኑ፣ አገር እርስ በርሱ ተላለቀ፣ በ1632 የጥንቱን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ጎርጎራ ተረሳች። የማርያም ግምብ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። የሣር ክዳኗ ደብረ ሲና ማርያም ግን እስካሁን ይቀደስባታል። ይቺ ነገር ሁልጊዜ ትገርመኛለች፤ ኖራውና ጥርብ ድንጋዩ ፈርሶ፣ የአገሬው ሰው በየጊዜው ሣር እየቀየረ ያቆያት ቆመች።

ሁለተኛው ጣሊያን ነው። በአምስቱ ዓመት ወረራ ወደብ ሠራባት፣ ለራሱ ጉዳይ። እሱ ሲሄድ ወደቡ ለባሕር ዳር ጀልባ ተረፈ።

ሦስተኛው «ገበታ ለሀገር»። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ 3 ቢሊዮን ብር ለማሰባሰብ ታቀደ። የአንዱ እራት ዋጋ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ነበር (በመምህር ደመወዝ ስንት ዓመት እንደሚሆን የሒሳብ መምህራን አስሉልኝ)። ሪዞርቱ ተሠርቶ ተመርቋል፣ በፎቶ ሳየው ያምራል፣ አልዋሽም። ቱሪስት ቢመጣ ለአካባቢው ጥሩ ነው። ግን እምቦጩ የጣናን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ከወረረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፣ መረቡን የሚበላበት ዓሣ አጥማጅ ደግሞ እራቱ ላይ አልተጠራም። እንግዳ የሚመጣው መንገድ ሰላም ሲሆን፣ አልጋ የሚያነጥፈውም ሰው የሰፈሩ ልጅ ሲሆን ነው እኔ ልማት የምለው።

ተማሪዬን «ሂድ» አልሁት። «ስትደርስ ግን ሪዞርቱ ዓሣውን ከማን እንደሚገዛ ጠይቀህ ጻፍልኝ» አልሁት። ሰኞ ሊነሳ ነበር። መንገድ ተዘግቶ ይኸው ወልድያ ዘመድ ቤት ተቀምጧል።