የቆየ ተሽከርካሪ የፍሬን ካሊፐር፦ ማደስ ወይስ በአዲስ መተካት?

በአገራችን ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ የቤት ተሽከርካሪዎች በርካታ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በፊት ጎማቸው ዲስክ ፍሬን፣ በኋላ ጎማቸው ደግሞ ታምቡር ፍሬን የተገጠመላቸው ናቸው። የዲስክ ፍሬኑ ካሊፐር ሲበላሽ ባለንብረቱ ነባሩን ከማሳደስና በአዲስ ከመተካት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ይህ መረጃ ውሳኔው በዋጋ ብቻ ሳይሆን በደኅንነት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

የካሊፐር አሠራር

አሽከርካሪው የፍሬን ፔዳሉን ሲረግጥ በፍሬን ዘይት አማካይነት የሚተላለፈው ግፊት በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም የፍሬን ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ዘይቱ እንዳይፈስ ከመከላከሉም ባሻገር፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ፒስተኑን በጥቂቱ ወደ ኋላ ይመልሳል። ጎሚኒው ሲደርቅ ወይም ፒስተኑ ሲዝግ ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ይቀራል።

የብልሽት ምልክቶች

• ፍሬን ሲያዝ ተሽከርካሪው ወደ አንድ ጎን መሳብ፤
• ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌላው ይልቅ መጋልና የቃጠሎ ሽታ መኖር፤
• የአንዱ ጎማ ሸራ ከሌላው ቀድሞ ማለቅ፤
• የፍሬን ዘይት መጉደል ወይም በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ የዘይት እርጥበት መታየት።

ከውሳኔ በፊት መጣራት ያለበት

ጎማ የሚይዘው ሁልጊዜ በካሊፐር ብልሽት ምክንያት አይደለም። ጎማው በያዘበት ጊዜ የካሊፐሩ የአየር ማስወጫ ቡሎን ሲላላ ጎማው ወዲያውኑ ከተፈታ፣ ችግሩ በውስጡ በተዘጋ የፍሬን ቱቦ ወይም ከዚያ በላይ ባለው ክፍል ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ከሆነም፣ ማጽዳትና ለፍሬን የተዘጋጀ ግሪስ መቀባት ሊበቃ ይችላል። ይህ ሳይጣራ ካሊፐር መግዛት ለአላስፈላጊ ወጪ ይዳርጋል።

ማደስ የሚመከረው

የካሊፐሩ አካል ጤናማ ሆኖ ጎሚኒውና የአቧራ መከላከያው ብቻ ሲያረጁ ማደስ ተገቢና ቆጣቢ አማራጭ ነው። ፒስተኑ ወጥቶ ሲታይ ገጹ ለስላሳ፣ ከዝገትና ከቁስለት የጸዳ መሆን አለበት። ለማደስ የሚውለው ጎሚኒ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ሊሆን ይገባል፤ በእጅ ተቆርጦ የተሠራ ጎሚኒ ፒስተኑን በአግባቡ ስለማይመልስና ግፊቱን ላይችል ስለሚችል መጠቀም አይገባም።

መተካት የሚገባው

የካሊፐሩ አካል ሲሰነጠቅ፣ ፒስተኑ የሚቀመጥበት ክፍል በዝገት ሲበላ፣ ወይም የአየር ማስወጫው ቡሎን ተሰብሮ ሲቀር ካሊፐሩ መተካት አለበት። ፒስተኑ ብቻ የተጎዳ ከሆነ ትክክለኛ መለዋወጫው ከተገኘ እሱን መቀየር ይቻላል። የእጅ ፍሬን ሥርዓት በውስጡ ያለው የኋላ ካሊፐር እድሳቱ ልዩ መሣሪያና ልምድ ስለሚጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ መተካቱ ይመረጣል። ከሌላ ተሽከርካሪ የተነቀለ ያገለገለ ካሊፐር ጎሚኒው የቆየበት ጊዜ ስለማይታወቅ ሳይታደስ መገጠም የለበትም።

በሁለቱም አማራጮች የግራና የቀኝ ካሊፐሮችን በአንድ ጊዜ መመርመር፣ ሸራዎቹንም በጥንድ መቀየር የፍሬኑን ኃይል ያመጣጥናል።

በሥራው ጊዜ የሚደረጉ ጥንቃቄዎች

1. ጎሚኒውን የሚነካ ክፍል በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በሞተር ዘይት አይታጠብም፤ እነዚህ ጎሚኒውን ያሳብጡታል። ለማጽዳት የፍሬን ማጽጃ፣ ለመገጣጠም ንጹሕ የፍሬን ዘይት ይበቃል።
2. ካሊፐሩ በቱቦው ተንጠልጥሎ አይተውም።
3. የአየር ማስወጫው ወደ ላይ መሆኑ ይረጋገጣል። የግራው በቀኝ ከተገጠመ ማስወጫው ወደ ታች ስለሚዞር አየሩ አይወጣም፤ ፔዳሉም ላላ ይላል።
4. የሸራ ብናኝ በአየር ግፊት አይነፋም፤ በድሮ ሸራዎች ውስጥ ለሳንባ ጎጂ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል።
5. የፍሬን ዘይቱ አምራቹ ባዘዘው ዓይነት ይቀየራል። ዶት 3 አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል።
6. ተሽከርካሪው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይረገጣል፤ ከዚያም ሰው በሌለበት ቦታ በዝግታ ይፈተሻል።

የዘይቱ ሁኔታ በተለይ በረጅም ቁልቁለት ወሳኝ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅታ አለው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት በያዘ ካሊፐር የጋለ ዘይት ሊፈላ ይችላል፤ ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢረገጥም ፍሬኑ አይሠራም። ስለዚህ በከባድ ማርሽ መውረድና የሚይዝ ጎማን ከጉዞ በፊት ማስጠገን የሰው ሕይወት ይታደጋል።

ለባለንብረቶች ማሳሰቢያ

ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ዓመታዊ ምርመራውን ማለፍ በቀሪዎቹ ወራት ለሚደርስ ብልሽት ዋስትና አይሆንም። ባለንብረቶች ሥራውን ፈቃድ ባለው ጋራዥ እንዲያሠሩ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲረከቡ፣ የመለዋወጫውንና የሥራውን ዋጋ ለይቶ የሚያሳይ ደረሰኝ እንዲይዙ ይመከራል። የጥገናው ጉድለት ቢታይ መብትዎን ለማስከበር ቀዳሚው ማስረጃ ደረሰኙ ነው።